የተቃጠለ ዘይት ምን ይናገራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዛሬው በዓል የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የሳይንስ ንግግር እንድናቀርብ ዕድል ተሰጥቶናል። ስለ ጨረቃ ጉዞ ወይም ስለ አቶም ኀይል ልንናገር እንችል ነበር። እኛ ግን የመረጥነው አንድ ጠርሙስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው።

ይህን ስንል ፈገግ የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። የተቃጠለ ዘይት ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ከሾላ እስከ ላምበረት፣ ከላምበረትም እስከ ካራ ባሉት ጋራዦች ደጃፍ መሬቱን አጥቁሮ ይታያል። ልብስ ከነካ አይለቅምና እናቶቻችን ስሙን እንኳ መስማት አይወዱም። ነገር ግን ይህ የሚጣል ነገር ከመጣሉ በፊት በሚገባ ቢመረመር በሞተሩ ውስጥ የተሰወረውን ሕመም ይናገራል። በተለይም በአንድ ሞተር ብቻ ለሚበር ትንሽ አውሮፕላን ይህ ምርመራ የሰው ሕይወት እስከ ማዳን የሚደርስ መሆኑን ዛሬ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ስፍራ እንመልከት። ከየካ ኮረብታ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው የቦሌን አውሮፕላን ማረፊያ ያያል። ያ ሜዳ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከቦሌ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ለማለፍ የሚፈልግ ትንሽ አውሮፕላን ገና ጉዞውን ሲጀምር ወደ 900 ሜትር ያህል መውጣት ግድ ይሆንበታል። የሚወጣውም በሳሳ አየር ውስጥ ነው። የአየሩ ግፊት በአዲስ አበባ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል፣ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩን የሚጨምቅ ልዩ መሣሪያ የሌለው ተራ የፒስተን ሞተር ኀይሉ በዚሁ መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ 160 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እዚህ ቢበዛ 120 ያህል ይሰጣል።

ከዚህም በላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ይኸው የሳሳ አየር ነው። ሴስና 172ን በመሰሉ አውሮፕላኖች ላይ ያለው የተለመደው ሞተር የሚቀዘቅዘው እንደ መኪና በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ነፋሱ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚያነሣለት ያንሳል። እንግዲህ ሞተሩ በመሉ ኀይሉ እየደከመ፣ እየጋለም፣ ከተማውን ከበታቹ አድርጎ ይወጣል። መኪና በመንገድ ላይ ቢበላሽ ሾፌሩ ዳር ይዞ ይቆማል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ አናት ላይ ግን የሚያዝ ዳር የለም።

ታዲያ የዚህን ሞተር ጤና ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው? በየጊዜው ፈታቶ ማየት አይቻልም፤ ያለ ምክንያት የተፈታ ሞተር ሲገጠም ስሕተት ሊገባበት ይችላልና። ስለዚህ ሳይፈቱ የሚመረምሩበት ዘዴ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ዘይቱ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው።

ዘይት በሞተር ውስጥ አምስት ሥራ አለው። የሚፋተጉትን ክፍሎች ያለሰልሳል፤ ሙቀት ይወስዳል፤ ጥቀርሻውንና ብናኙን ያጥባል፤ በፒስተኑ ፋሻና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት ይዘጋል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በቦምባ እየተገፋ በክራንክሻፍቱ፣ በብሮንዚናው፣ በካምሻፍቱና በቫልቮቹ ዙሪያ ያልፋል፤ በሄደበትም ሁሉ እየተፋቀ የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ይዞ ይመለሳል። በሰው አካል ውስጥ ደም የሚሠራውን ይመስላል። ሐኪም ሆድ ሳይቀድ ጥቂት ደም ወስዶ ስለ ኩላሊትና ስለ ጉበት እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ዘይት መርማሪውም ሞተሩን ሳይፈታ ስለ ሲሊንደሩና ስለ ፒስተኑ ያውቃል።

በሀገራችን የአውሮፕላን ሞተር ታሪክ አዲስ አይደለም። ፖቴዝ የተባለችው የፈረንሳይ ሥራ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ነድፎ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን በረረች። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ የሚባል፣ 7 ሲሊንደሮችና 115 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በወረራው ዘመን ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ከ80 ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ሀገሯ ተመልሳለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው ሁለት ባለ14 ሲሊንደር የፒስተን ሞተሮች ባሉት በዳግላስ ሲ 47 አውሮፕላን ነበር።

በዚያ ዘመን መካኒኩ የሞተሩን ጤና የሚያውቀው በጆሮው፣ በዓይኑና በጣቱ ነበር። ድምፁን ያዳምጣል፤ ዘይቱን በሁለት ጣቶቹ መካከል ያሸዋል፤ የዘይቱን ወንፊት አውጥቶ የብረት ስብርባሪ እንዳለበት ይመለከታል። ይህ ጥበብ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን በጣት የሚዳሰስ፣ በዓይን የሚታይ ስብርባሪ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።

ጉዳቱ ገና ሲጀምር ለማወቅ የሚያስችለው የላቦራቶሪ ዘዴ የተጀመረው በአየር ላይ ሳይሆን በሐዲድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ዌስተርን የተባለው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ የናፍታ ባቡሮቹን የሞተር ዘይት በብርሃን መመርመር ጀመረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ባሕር ኀይል ይህንኑ ዘዴ ለአውሮፕላኖቹ ሞተር ወሰደው። ከዚያም ወዲህ ወደ ትንንሾቹ የግልና የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ደረሰ።

«በብርሃን መመርመር» ማለት ምን ማለት ነው? በኬሚስትሪ ክፍላችን እንዳየነው፣ በነበልባል ላይ ጥቂት የገበታ ጨው ሲነሰነስ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፤ የመዳብ ውሕድ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በጣም ሲግል ለራሱ ብቻ የሆነ ብርሃን ይሰጣል። ኪርኾፍና ቡንሰን የተባሉት የጀርመን ሊቃውንት ይህን ሕግ ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1859 እና በ1860 ነው። በዚሁ ሕግ ሂሊየም የተባለው ጋዝ አስቀድሞ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ በ1868 ታይቶ፣ በምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው።

ወገኖቻችን! ይህ ነገር ለእኛ ለየካ ልጆች ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የሩቅ ኮከብ ከምን እንደ ተሠራ ለማወቅ ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ ማንበብ ያስፈልጋል። በዘይት ላቦራቶሪም የሚደረገው እንዲሁ ነው። ጥቂት ዘይት በኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም በጣም በጋለ የአርጎን ጋዝ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የሚወጣው ብርሃን ተዘርግቶ ይለካል፤ የየብረቱም መጠን በቁጥር ይጻፋል። ኮከቡም የተቃጠለውም ዘይት የሚነበቡት በአንድ ፊደል ነው።

ቁጥሩ የሚጻፈው ከሚሊዮን ስንት እጅ በሚል መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ምን ያህል ጥቃቅን ነገር እንደሚያይ ለመረዳት ጤፍን እናስብ። የአንድ ትንሽ አውሮፕላን ሞተር 7 ኪሎ ያህል ዘይት ይይዛል። በዚህ ሁሉ ዘይት ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ ብረት አለ ማለት 7 ሚሊግራም ብረት አለ ማለት ነው። ይህም የሃያ የጤፍ ፍሬ ያህል ክብደት ነው። በሰባት ኪሎ ዘይት ውስጥ የተበተነውን የሃያ ጤፍ ክብደት የሚያይ ዓይን የትኛው መካኒክ አለው?

አሁን ደግሞ የየብረቱን ቋንቋ እንማር። ብረት ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሊንደሩ ግድግዳ፣ ከካምሻፍቱ ወይም ከጥርሶቹ የመጣ ነው። አሉሚኒየም ፒስተኑን ያመለክታል። ክሮሚየም ፋሻውን፣ በክሮም የተለበጠ ሲሊንደር ካለም ሲሊንደሩን ያመለክታል። መዳብ ከነሐስ ከተሠሩት ቡሾችና የቫልቭ መምሪያዎች ይመጣል። ኒኬል ከቫልቮቹና ከመምሪያዎቻቸው አካባቢ፣ ቆርቆሮ ደግሞ ከብሮንዚናው ሊመጣ ይችላል። ሲሊከን ግን ከሞተሩ አካል አይደለም፤ የአፈርና የአቧራ ምልክት ነው። ከአዲስ ማሸጊያ ማስቲካም ሊመጣ ስለሚችል በቅርቡ የተሠራ ሥራ መኖሩን ሳይጠይቁ በአቧራ መፍረድ አይገባም።

አንድ የሚያሳስት ምስክር አለ፤ እርሱም እርሳስ ነው። በመኪና ሞተር ዘይት ውስጥ እርሳስ ቢገኝ ብሮንዚናው ተበላ ይባላል። መቶ ኤል ኤል የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን ግን በአንድ ሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይዞ ይሠራል። ስለዚህ በዚህ ቤንዚን የሚሠራ ሞተር ዘይቱ ጤነኛ ሳለ እንኳ በእርሳስ የተሞላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የመኪናን ሕግ ለአውሮፕላን አውጥቶ ደኅናውን ሞተር ሊያስፈታ ይችላል። በከፍታ ስፍራ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ደግሞ ካንዴላዎቹ በእርሳስና በጥቀርሻ ይቆሽሻሉ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ዘይቱን ያቀጥናል። ላቦራቶሪው ይህንንም መቅጠን ይለካል።

እስቲ አሁን አንድ መዝገብ በሐሳባችን ከፍተን አብረን እናንብብ። አንድ የማሠልጠኛ አውሮፕላን በየ50 ሰዓት በረራ ዘይቱ ይመረመራል እንበል። በሦስት ተከታታይ ምርመራ የብረቱ ቁጥር 20፣ 22፣ 21 ሆነ። በአራተኛው ጊዜ 43 ሆኖ መጣ። ልንደነግጥ ይገባናልን? መዝገቡን ስንመለከት ግን በዚያ ጊዜ ዘይቱ የተቀየረው በ50 ሳይሆን በ102 ሰዓት ነው። ሰዓቱ እጥፍ ሆነ፤ ብረቱም እጥፍ ሆነ። ለአንድ ሰዓት ሲካፈል መፋተጉ እንደ ቀድሞው ነው። ሞተሩ አልታመመም፤ ዘይቱ ግን ያለ ጊዜው ቆይቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይህ ነው። ሰዓቱ 50 ሳለ ብረቱ ከ21 ወደ 38 ወጣ፤ ሲሊከኑም ከ6 ወደ 17 ወጣ፤ ክሮሚየሙና አሉሚኒየሙም አብረው ከፍ አሉ። ጊዜው የበጋ ወራት ነው፤ አውሮፕላኑም ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ ያርፍ ነበር። እዚህ ላይ አራቱ ምስክሮች በአንድ ቃል ይናገራሉ። አቧራ ወደ ሞተሩ እየገባ ፋሻውን፣ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየሞረደ ነው ማለት ነው። የአየሩ ፊልትሮና የአየር ቱቦው ቢፈተሽ ምናልባት አንዲት ትንሽ ስንጥቅ ይገኛል። ስንጥቋ በጊዜ ብትዘጋ የሚወጣው ወጪ የቱቦ ዋጋ ነው። ዝም ቢባል ግን የሲሊንደሮቹ ዋጋ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ደመናው እንጦጦን ሲሸፍነው ትንሹ አውሮፕላን ለሳምንታት ቆሞ ይውላል። ሞተር የማይሠራ ከሆነ የማይጎዳ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በብዙ የላይካሚንግ ሞተሮች ካምሻፍቱ ከላይ በኩል ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ላይ እየወረደ ያልቃል። የተራቆተው ብረትም በእርጥበት ይዝጋል። በመስከረም ሞተሩ ሲነሣ ዝገቱ እየተፋቀ ወደ ዘይቱ ይገባል። በመዝገቡም ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ሆኖ ብረት ብቻውን ወደ 60 ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ምርመራ ወደ 25 ቢመለስ የላይ ዝገት ነበርና ይመስገን ያሰኛል። ባይመለስ ግን የካምሻፍቱ ፊት መበላት ጀምሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል ችላ ማለት አይገባም። ሞተሩን በምድር ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋትም መድኃኒት አይደለም። ከቃጠሎ የሚወጣው የውሃ ተን ከዘይቱ የሚጠፋው ዘይቱ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ሲቆይ ነው፤ ይህም በተለመደው መብረር እንጂ በመቆም አይገኝም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው አንድ ቁጥር ብቻውን ምስክር ሊሆን እንደማይችል ነው። ምስክር የሚሆነው ተከታታይ መዝገብ ነው። መዝገብም የሚረባው ናሙናው በታማኝነት ሲወሰድ ነው። ዘይቱ ሞተሩ ከሠራ በኋላ ገና ትኩስ ሳለ ይወሰዳል። በመጀመሪያ የሚፈሰው ከሥር የተቀመጠውን ዝቃጭ ስለሚይዝ፣ የመጨረሻውም እንዲሁ ስለማያምር፣ ከመካከል በሚፈሰው ንጹሕ ጠርሙስ ይሞላል። በጠርሙሱም ላይ ዘይቱ የሠራበት ሰዓትና በመካከሉ የተጨመረው አዲስ ዘይት መጠን ይጻፋል። አዲስ ዘይት ጨምሮ ሳይመዘግብ የቀረ ሰው ወጥ ውስጥ ውሃ ጨምሮ ጨውን እንደሚያጠፋ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ሕመሙ ግን በቦታው አለ።

የዚህንም ዘዴ ድካም ልንደብቃችሁ አንወድም። በብርሃን የሚደረገው ምርመራ በደንብ የሚያየው ከ5 እስከ 10 ማይክሮን የማይበልጠውን ብናኝ ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከዚህ የሚተልቀው ስብርባሪ ከምርመራው ያመልጣል። ስለዚህ ካምሻፍቱ በትልልቁ እየተቦደሰ የላቦራቶሪው ወረቀት «ደኅና ነው» ሊል ይችላል። ለዚህም መድኃኒቱ የዘይቱን ፊልትሮ ቆርጦ መክፈት ነው። የሚቆረጠውም በልዩ መቁረጫ እንጂ በመጋዝ አይደለም፤ መጋዝ የራሱን የብረት ዱቄት ጥሎ ያሳስታልና። ወረቀቱ ተዘርግቶ በብርሃን ይታያል፤ በማግኔትም ይፈተሻል። በማግኔት የሚሳበው ብረት ነው፤ የማይሳበው አሉሚኒየም ወይም ነሐስ ሊሆን ይችላል። ላይካሚንግ ፊልትሮ ላለው ሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ50 ሰዓት፣ ወንፊት ብቻ ላለው በየ25 ሰዓት፣ ሰዓቱ ባይሞላም በየ4 ወር እንዲቀየር የሚመክረው ስለዚህ ነው። እንደዚሁም በድንገት የሚሰበርን ብረት ወይም በቤንዚን ውስጥ የገባን ውሃ የዘይት ምርመራ አስቀድሞ አያውቅም። ዓይን፣ ጆሮና ላቦራቶሪ ይረዳዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ምናልባት ከወላጆቻችን አንዱ፣ «ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ የአውሮፕላን ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ከካራ በላይ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ጣርማ በር የሚወጣው የጭነት መኪናና አውቶቡስም ሞተር አለው፤ እርሱም በሳሳ አየር ይደክማል፤ በአቧራም ይሞረዳል። ዘይት የቀየረበትን ቀንና ኪሎሜትር በደብተር የሚጽፍ፣ የጨመረውንም የሚመዘግብ ሾፌር ያለ ላቦራቶሪ እንኳ ብዙ ያውቃል። ደብተርና እርሳስ ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በሀገራችን እጁን ዘይት የነካው ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ» እየተባለ ተሰድቧል። በእንጦጦ የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በአንዳንዶቻችን ልብ ውስጥ ገና አልወጣም። ከመካከላችን በትምህርቱ የበረታው ሁሉ ጽሕፈት ቤት እንጂ ጋራዥ እንዲገባ አይመከርም። ነገር ግን ዛሬ እንዳየነው፣ ዘይት የነካው እጅ የኬሚስትሪን፣ የፊዚክስንና የሒሳብን ትምህርት ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ እውነተኛነትን ይፈልጋል። ናሙናውን ሲወስድ አለቃ አጠገቡ የለም። ፊልትሮውን ሳይከፍት «ከፍቻለሁ» ብሎ ቢጽፍ በዚያ ቀን ማንም አያውቅበትም። የሚያውቀው ሞተሩ ነው፤ የሚከፍለውም ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን የሙከራ ደብተራችንን ስናሳምር ሳይሆን እውነቱን ስንጽፍ እንዲያመሰግኑን እንለምናለን። ወላጆቻችንም ልጃቸው የአውሮፕላን ጥገና ወይም የመኪና ሞተር እማራለሁ ሲል «ይህን ሁሉ ያስተማርንህ ለዚህ ነውን?» እንዳይሉት እንለምናለን። ከእኛ በኋላ ለምትመጡት ታናናሾቻችን ደግሞ የምንተውላችሁ ምክር አጭር ነው። ትንሹን ምልክት አትናቁ፤ ያያችሁትን በዕለቱ ጻፉ፤ ቁጥሩ ደስ ባያሰኛችሁም አትፋቁት።